የፕሬሪ ዶጎቹ ሽማግሌ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ኬክ አመጡልኝ። ላዩ ላይ በቡናማ ክሬም አንድ ሆዳም እንስሳ ተሥሏል፤ በሁለት እግሩ ቆሞ እጆቹን ደረቱ ላይ ሰብስቧል። ባለቤቴ የሺ መነጽሯን አስተካክላ፣ ዞር ዞር ብላ አየችውና፣ «ወርቁ፣ ይሄ እንስሳው ነው ወይስ አንተ ነህ?» አለችኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። የመጨረሻዎቹን የሥራ ዓመታት ከእነዚህ እንስሳት ጋር ስውል እኔም ሆዴ ገፍቶ፣ እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ፣ አንገቴን አስግጌ መቆም ለምጄ ነበር።

እንስሳው ፕሬሪ ዶግ ይባላል። ስሙ ውሻ ይበል እንጂ ውሻ አይደለም፤ የሽኮኮ ዘመድ ነው። ርዝመቱ ከክንድ ያንሳል፣ ጭራው አጭር ሆኖ ጫፉ ጥቁር ነው። ሣር ሜዳ ላይ እንደ ፍልፈል ጉድጓድ ቆፍሮ ይኖራል፤ እንደ ፍልፈል ግን ብቸኛ አይደለም። ቤተሰብ አለው፣ ጎረቤት አለው፣ ወሰን አለው፣ የወሰን ጠብም አለው። ጩኸቱ የቡችላ ስለሚመስል ነው ፈረንጆቹ ውሻ ያሉት።

ይህን ሁሉ ለቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ማስረዳት ስለሚያደክም፣ «ምንድን ነው የምትሠራው?» ሲሉኝ «ከአውሬ ጋር ነው» እል ነበር። አንበሳ መሰላቸው። እኔም አላረምኳቸው፤ ተከብሬ ኖርኩ። አንድ ቅዳሜ ግን አቶ ገመቹ የልጅ ልጆቹን ይዞ እኔ የምሠራበት የእንስሳት መናፈሻ መጣ። ገመቹ የአምቦ ሰው ነው፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች ሲኳረፍ አብረን ሽማግሌ እንቀመጣለን። በግንባሬ ተደፍቼ፣ አፌን አንዲት ጉድጓድ ላይ ደቅኜ «ደህና አደራችሁ?» ስል ደረሰብኝ። በማግሥቱ፣ ቅዳሴ ሳይገባ፣ «ያ የአንበሳው ጌታ አይጥ ጠባቂ ሆኖ ተገኘ» የሚለውን ወሬ ያልሰማ ሰው አልነበረም።

ወደዚህ ሥራ የመጣሁት ዞሬ ዞሬ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ቀበሌ ውስጥ የወሰን ክርክር ጸሐፊ ነበርኩ። ይሄኛው አጥሬን ገፋ፣ ያኛው ውኃውን ወደ ግቢዬ አወረደ ሲባል የሁለቱንም ቃል እጽፋለሁ፤ ጽፌ ስጨርስ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ አስታርቃለሁ። ሚኒሶታ ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ፎርት ስኔሊንግ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ዊልቸር መግፋት ሆነ። አለቃዬ ጀማል የሚባል የሐረር ልጅ ነበር። «ጋሼ፣ ፑሽ ያድርጉ እንጂ አያውሩ!» ይለኛል። እኔ ደግሞ የምገፋውን ሰው ኑሮ ሳልሰማ በር ላይ ማውረድ አይሆንልኝም። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ከልጃቸው ጋር ተኳርፈው ኖረው ሊታረቁት ሲሄዱ፣ አገባቡን በደንብ ላስረዳቸው ብዬ ከአንድ ምሰሶ ሥር ቆምን። ምክሩን ስጨርስ አውሮፕላኑ ሄዷል። ጀማል ያን ቀን አልተቆጣም፤ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አሳረፈ።

ከዚያ ብሩክሊን ሴንተር አንድ ነርሲንግ ሆም ገባሁ። አረጋውያንን ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ማንሣት ነው። ሥራውን ወደድኩት፤ ወገቤ ግን አልወደደውም። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ሰው እንዳታነሣ» ሲለኝ ከሰው የሚቀል ነገር መፈለግ ጀመርኩ። ሴንት ፖል ዳር ባለች አንዲት ትንሽ የእንስሳት መናፈሻ (ስሟን አልጠራም፣ ምክንያቱ ወደ በኋላ ይገባችኋል) የጽዳት ሠራተኛ ይፈልጋሉ ሲባል አመለከትኩ። የጠየቀኝ ብራያን የሚባል ጨዋ ሰው ነው፤ ታብሌቱን ከእጁ ካስቀመጠ የሚያመው ይመስላል። «ከእንስሳት ጋር ልምድ አለህ?» አለኝ። «ሃያ ዓመት ጎረቤት አስታርቄአለሁ» አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ «ሳውንድስ ግሬት» ብሎ ታብሌቱ ላይ አንድ ነገር ነካ። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም፤ የሚሞላው ፎርም ግን ያን ሁሉ ዓመት አላለቀም።

የመጀመሪያውን ክረምት በረዶ ስጠርግና ሽንት ቤት ሳጸዳ አሳለፍኩ። ጸደይ ሲመጣ ማርጂ የምትባል አሮጊት ሠራተኛ ረዳት ስለፈለገች ወደ ሣር ሜዳው ተዛወርኩ። በፈረንጆቹ 2016 ነበር። ሙያውን ሁሉ ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ማርጂ ገጠር፣ እርሻ ላይ ያደገች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ጆሮዋ ላይ እርሳስ የማይጠፋ ሴት ነች። ጠዋት ስትመጣ ነጩን ባልዲ ደፍታ ትቀመጥበታለች። አሥር ደቂቃ ሙሉ ከማንም ጋር አትነጋገርም፤ ትቆጥራለች። ስንት ወጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን አነከሰ። ቆጥራ ስትጨርስ ነው «ጉድ ሞርኒንግ» የምትለው። እኔ ይህን አላውቅም። በመጀመሪያው ጠዋት ባርኔጣዬን አውልቄ ቀረብኩና፣ እንደምን አደርሽ፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ፣ ብርዱስ ብዬ ስደረድር ጣቷን ብቻ አነሣች፤ «አሥራ አንድ… አሥራ ሁለት…» አለች። በሕይወቴ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም። ቤት ገብቼ ለየሺ ስነግራት፣ «እንኳን ጣቷን አነሣች፣ እኔ ብሆን ባልዲውን ነበር የማነሣው» አለችኝ።

ቀስ በቀስ ግን ዓይኔ ተከፈተ። ማርጂ ብዙ አትናገርም፤ እያየሁ ነው የተማርኩት። በክረምት፣ ሚኒሶታ ውስጥ አፍንጫ በሚያቃጥለው ብርድ፣ ሁሉም መሬት ሥር ይገባሉ። ጉድጓድ ውስጥ ሕይወት መኖሩን በምን ታውቂያለሽ ስላት፣ የጉድጓዱን አፍ አሳየችኝ። ዙሪያው ጥርስ የመሰለ ነጭ ውርጭ ይዟል። የሚተነፍስ ካለ ትንፋሹ ወጥቶ አፉ ላይ ይረጋል፤ ውርጭ የሌለው ጉድጓድ ባዶ ነው። ጭልፊት ሲያዩ የሚጮኹት ጩኸትና ውሻ ሲያዩ የሚጮኹት እንደሚለያይ ከእሷ ነው የሰማሁት። አደጋው ሲያልፍ አንዱ ብድግ ይልና ሁለት እጁን ወደ ላይ ወርውሮ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ «ዪፕ!» ይላል፤ ከዚያ ጎረቤቱ፣ ከዚያ የጎረቤቱ ጎረቤት፣ ሜዳው በሙሉ እጁን እያነሣ ይቀበላል። የቤተሰብ ሰዎች ሲገናኙ ደግሞ አፍ ለአፍ ገጥመው ጥርስ ለጥርስ ይነካካሉ። የኔ ነህ አይደለህም የሚለውን የሚለዩት በዚህ ነው። ይህን ሳይ በጣም ደስ አለኝ፤ ቢያንስ እነሱ ሳይሳሳሙ ሥራ አይጀምሩም።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። ሜዳው ላይ ሁለት ቤተሰብ ነበር፣ የምዕራብና የምሥራቅ። ማርጂ በመካከላቸው ጉልበት የማትደርስ የሳንቃ አጥር ተክላለች። ዘልለው ሊያልፏት ይችላሉ፤ ሥራዋ መጋረድ ብቻ ነው። «ሲበሉ ካልተያዩ አይጣሉም» አለችኝ። ምግቡንም በአንድ ቦታ አታስቀምጥም። ስኳር ድንቹን የጣት ጫፍ አሳክላ ከትፋ፣ ከካሮትና ከሰላጣ ጋር አደባልቃ፣ ከትከሻዋ ጀምራ ዘር እንደሚዘራ ሰው መሬት ላይ ትበትነዋለች። እያንዳንዱ ራቅ ራቅ ብሎ የየራሱን ለቅሞ ይበላል።

እኔ ያደግሁት ምግብ መሬት ላይ የማይጣልበት፣ ጎረቤት ተሸሽጎ የማይበላበት ቤት ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ነው የኖርነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ያን ስኳር ድንች በበተንኩ ቁጥር ዘመድ አዝማድ የሚያየኝ ይመስለኛል። የማርጂ መዝገብ እንስሳቱን በቁጥር ነበር የሚጠራቸው፤ እኔ ስም አወጣሁላቸው። የምዕራቡ አውራ ወንድ ጉብታው ላይ ወጥቶ ሲቆም ሹመት የሚጠብቅ ስለሚመስል ፊታውራሪ አልኩት። የምሥራቋን ትልቅ ሴት ወይዘሮ ዘነበች፣ ታናሽ እህቷን እታለማሁ። ዘነበች እርጋታ ያላት፣ ከእጄ ካሮት ለመቀበል የማትሽቀዳደም ሴት ነበረች። ፊታውራሪ ሳንቃው ላይ እጁን አሳርፎ ወደ እነሱ ግቢ ሲያይ ሳይ፣ የቀበሌ ደሜ ይፈላብኛል።

ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ በግንቦት፣ ማርጂ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ልትሆን ለስድስት ሳምንት ፈቃድ ወጣች። ስትሄድ የዕለት መዝገቧን ሰጠችኝና፣ «ምንም ነገር አትቀይር። መዝገቡን አንብብ፣ ተቀመጥ፣ ቁጠር» አለችኝ። እሺ አልኳት። መዝገቡን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ጽሕፈቷ ደቃቅ ነው፣ እኔም ሁሉን የማውቅ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን እኔና ገመቹ ብሩክሊን ሴንተር ውስጥ አራት ዓመት የተኳረፉ ሁለት ወንድማማቾች አስታርቀን፣ ከአንድ ትሪ አብልተን፣ አላቅሰን ነበር የመጣነው። ሰው ሁሉ ጉልበታችንን ሳመን። ደረቴ ተነፍቶ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ሮዝቪል፣ ከቤታችን አጠገብ ካለው ሱቅ የገዛሁትን ሰፊ ክብ ትሪ በብብቴ ይዤ ወደ ሥራ ገባሁ።

ከአጥሩ መሐል ያሉትን ሦስት ሳንቃዎች ነቀልኩ። ትሪውን ልክ ወሰኑ ላይ አስቀመጥኩ። ስኳር ድንቹን አንድ ወገን፣ ካሮቱን አንድ ወገን፣ ሰላጣውን መሐል አድርጌ አሳመርኩት። ከዚያ ወደ ኋላ አልኩና እጄን አጣምሬ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምኩ። ማንም ስላልነበረ አጭር ንግግርም አደረግሁ። «እንግዲህ የአንድ አፈር ልጆች ናችሁ፤ አፈር ስሆን፣ ያለፈውን ተዉት» አልኳቸው።

መጀመሪያ ሁሉም ቀጥ ብለው ቆመው አዩኝ። ቀጥሎ ዘነበች በእርጋታ መጣች። ከወዲያ ፊታውራሪ መጣ። በአንድ ትሪ፣ ከወዲህና ከወዲያ፣ ሁለቱም ካሮት አነሡ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሣሁና ለሽማግሌዎቹ ግሩፕ ላክሁት፤ «ዛሬ ደግሞ እነዚህን አስታረቅሁ» ብዬ ጻፍኩበት። ገመቹ ወዲያው መለሰ፤ «ዕድሜ ይስጥህ። በዳዩ የትኛው ነው?»

በዳዩን ለማወቅ ጊዜ አልወሰደም። ፊታውራሪ ካሮቱን ጣለና በትሪው ላይ ዘለለ። ትሪው ሲገለበጥ የምዕራብ ሰዎች በሙሉ ወጡ፣ የምሥራቆቹም ወጡ፣ ፀጉርና አፈር ሆነ። መጥረጊያ ይዤ መሐላቸው ገባሁ፤ «ተው! በእግዚአብሔር ተው!» እያልኩ ስጮህ የሚሰማኝ አልነበረም። ዘነበች ደንግጣ የምትገባበት ጠፋት። በአቅራቢያዋ ያገኘችው ጉድጓድ ውስጥ ዘላ ገባች። ጉድጓዱ የፊታውራሪ ቤት ነበር። ከውስጥ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ስትወጣ አንገቷና ወገቧ ተነክሶ ነበር። በጃኬቴ ጠቅልዬ ወደ መናፈሻው ሐኪም ሮጥኩ። በማግሥቱ ጠዋት ሞተች።

አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። የእንስሳት ሐኪሟ ገና ጓንቷን ሳታወልቅ፣ «ወርቁ፣ ጡቷ ወተት አለው» አለችኝ። ዘነበች አራስ ነበረች። እኛ ለአራስ በር የምንዘጋ፣ ነፋስ እንዳያያት መጋረጃ የምንጋርድ ሰዎች ነን፤ እኔ መጋረጃዋን በገዛ እጄ ነቅዬ አስገደልኳት። ሄጄ መሳቢያውን ከፈትኩና የማርጂን መዝገብ አነበብኩት። ሁሉ ነገር ተጽፏል። የምሥራቋ ትልቅ ሴት ሣር ወደ ጉድጓዷ ማስገባት የጀመረችበት ቀን፣ ሆዷ የጎደለበት ቀን፣ ልጆቹ ወደ ላይ ይወጣሉ ተብሎ የሚጠበቅበት ሳምንት። ከሥሩ፣ ሁለት ጊዜ ተሠምሮበት፦ «ልጆቹ እስኪወጡ ሳንቃውን አትንኩ።»

ለማርጂ ስልክ መደወል ነበረብኝ። ከዚያ በፊት ግን ብራያን የአደጋ ሪፖርት እንድሞላ ፎርም ሰጠኝ፤ ቤት ይዤው ገባሁ። የሺ አየችኝና፣ «ዝም አይነቅዝም። ሳንቃውን ነፋስ ጣለው በላቸው፣ ማን አየህ?» አለች። ክፋት አልነበራትም፤ ሥራዬ እንዳይሄድ ነው የፈራችው። ሚኒሶታ የተወለደችው ልጄ ቤዛ ከሶፋው ላይ ቀና ሳትል፣ «ዳድ፣ ጀስት ቴል ዘም» አለች።

«ምን ብዬ ልንገራቸው? አስታርቄ ገደልኩ ልበል?»

«የስ።»

እንደዚያው ጻፍኩ። ብራያን አነበበው፣ እንደገና አነበበው። «እዚህ ላይ ‹ላስታርቃቸው› ይላል» አለኝ። አዎ አልኩት። «ከማን ጋር ተመካክረህ ነው?» «ከራሴ ጋር።» በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። የሚገባኝ ነበር።

ማርጂን በስልክ ሁሉንም ነገርኳት፤ ትሪውን፣ ንግግሩን፣ ፎቶውን ሳይቀር። ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትጮኽብኝ ይቀለኝ ነበር። «ሳንቃውን መልሰሃል?» አለችኝ።

«መልሻለሁ።»

«ልጆቹ ሣር መቅመስ ጀምረው ከሆነ ያለ ወተት ጥቂት ቀን በሕይወት ይቆያሉ። መቆፈር አይቻልም፤ አንዱ ዋሻ ሲናድ ሌላው ይናዳል። እህቷም አራስ ናት። የእህቷን ልጆች ልታጠባቸው ትችላለች፤ ግን እነሱ ወደ ላይ ከወጡ ነው። ጉድጓዳቸው ድረስ አትወርድላቸውም።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ባልዲው ላይ ተቀመጥ» አለችኝና ዘጋችው።

ተቀመጥኩ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም። በመጀመሪያው ቀን ሰላጣ በሲባጎ አስሬ ወደ ጉድጓዱ ላውርድላቸው ብዬ ብራያንን ጠየቅሁት፤ አይሆንም አለኝ። በሁለተኛው ቀን እታለማሁን እንደ ምንም አባብዬ ወደ ዘነበች ጉድጓድ ልነዳት አሰብኩ፤ አሳቤ ከመልኬ ላይ ተነበበ መሰለኝ፣ ብራያን ከቢሮው መስኮት ራሱን ነቀነቀልኝ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚለውን ተረት ለሰው ስንት ጊዜ ተርቼዋለሁ፤ ለካ ለእኔ ነበር የተተረተው።

በሦስተኛው ቀን ገመቹ መጣ። ጥቁር ኮት ለብሷል። በጎብኚዎቹ አጥር ላይ ተደግፎ፣ «ለቅሶው እዚህ ነው?» አለ።

«ገመቹ፣ ዛሬ አትቀልድብኝ።»

«እየቀለድኩ አይደለም። አራስ ሞታብሃል አሉኝ። ደግሞ እርቁን እኔም መርቄአለሁ፤ ከደሙ ነፃ አይደለሁም።» አግዳሚው ላይ ተቀመጠና የትኛው ጉድጓድ እንደሆነ ጠየቀኝ። አሳየሁት። ስንት ልጅ እንዳለ ጠየቀኝ፤ ማንም አያውቅም አልኩት። ለአሥር ደቂቃ ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው እስከ ምሳ ድረስ ያችን ቀዳዳ ሲያይ ቆየ። ሲሄድ፣ «ከወጡ ደውልልኝ። ካልወጡም ደውልልኝ» አለኝ። ያን ዕለት ነው ከእንግዲህ አይጥ ጠባቂ እንደማይለኝ ያወቅሁት።

በአራተኛው ቀን ዘነበ። በጃንጥላ ሥር ሆኜ የጉብታውን አፈር ስጠብቅ ዋልኩ። ፕሬሪ ዶግ የጉድጓዱን አፍ በአፈር ክብ አድርጎ የሚያጥረው ውኃ እንዳይገባበት ነው። የዘነበች ጉብታ በደንብ የተሠራ ነበር፤ ጎርፉ ዙሪያውን ሄደ እንጂ አልገባም። ሞታም ቤቷን ትጠብቃለች ብዬ አለቀስኩ። ከልጆቿ ግን አንድም ድምፅ አልሰማሁም። ያን ቀን ተስፋ ቆርጬ ነበር ብል አልዋሸሁም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ከኋላዬ የብረት ድምፅ ሰማሁ። ማርጂ በሁለት ክራንች ጭቃውን እየወጋች መጣች። ሐኪሟ ከቤት እንዳትወጣ ነግሯታል። ብድግ ብዬ ባልዲውን ሰጠኋት። የተዘጋጀሁበት ብዙ ንግግር ነበረኝ፤ ይቅርታ ልጠይቃት፣ እግሯ ላይ ልወድቅ ሁሉ አስቤ ነበር። ገና አፌን ስከፍት ጣቷን አነሣች። ትቆጥራለች። አፌን ዘግቼ ከአጠገቧ ቆምኩ፤ እኔም መቁጠር ጀመርኩ። ምዕራብ ዘጠኝ። ምሥራቅ አምስት።

ፀሐዩ አፈሩን ማሞቅ ሲጀምር ከዘነበች ጉድጓድ አፍ ላይ ጠጠር ተንከባለለች። ከዚያ አንድ ትንሽ ራስ ብቅ አለ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከፍቶ፣ መልሶ ጨፈነ። ወጣ። እጅግ ከስቷል፤ ጭንቅላቱ ከገላው ይበልጣል። ሁለት እርምጃ ሄደና በደረቱ ተደፋ። ሳላስበው ወደ ፊት ተንደረደርኩ። ማርጂ ሳትዞር አንዱን ክራንች ቅልጥሜ ላይ አጋደመችው። ቆምኩ።

እታለማሁ ከራሷ ጉብታ ላይ ቀና አለች። ወረደች። ሕፃኑን ዞረችው። አፏን ስትከፍት ጥርሷ ታየኝ፤ ያ ከጉድጓድ ውስጥ የሰማሁት ድምፅ ትዝ አለኝና ዓይኔን ጨፈንኩ። «እይ» አለችኝ ማርጂ። ስከፍት አፍ ለአፍ ገጥመዋል። ሳመችው። ከዚያ እዚያው፣ በፀሐዩ ላይ፣ በጎኗ ተኛችለት። ልጁ በደረቱ እየተሳበ ሄዶ ጡቷን ያዘ። ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛው፣ አራተኛው። ፊታውራሪ በወዲያ በኩል ሳንቃው ላይ እጁን አሳርፎ አያቸው፤ ወሰኑን አላለፈም። እስከ መዝጊያ ሰዓት ጠበቅን። አምስተኛ ልጅ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ አልወጣም።

ባልና ሚስት ለማስታረቅ ሦስት ቀን የለመንኩበት፣ ድንጋይ የተሸከምኩበት፣ አፈር ስሆን እያልኩ ጉልበት የያዝኩበት ጊዜ አለ። ይቺ እንስሳ ማንም ሳይለምናት፣ ማንም አጠገቧ ሳይደርስ የእህቷን ልጆች ተቀበለች። ለእሷ ልነግራት የምችለው አንድም ቃል አልነበረኝም። ለገመቹ ደወልኩና፣ «አራት» ብቻ አልኩት። «እልል በል!» አለኝ። እዚህ እልል ቢባል ሁሉም ጉድጓድ ይገባል ብዬ በሹክሹክታ መለስኩለት።

ማርጂ ጉልበቷ ስላበጠ የዕለቱን መዝገብ እኔ እንድጽፍ እርሳሷን ሰጠችኝ። ብዙ መጻፍ የሚወድ ሰው ነኝ፤ የዚያን ቀን ግን ሦስት መሥመርና ስሜ በቃኝ። «ከሟቿ ጉድጓድ አራት ልጆች ወጡ። አክስታቸው አጠባቻቸው። ተንከባካቢው ምንም አላደረገም።» ማርጂ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አነበበችው። ከዚያ እርሳሱን ተቀበለችኝና፣ ከኔ ስም አጠገብ የራሷን ፈረመች።